ሽማግሌ ይዤ የሆኪ ቡድን ባለቤት ዘንድ የሄድኩ ዕለት

ሄረንስ የሚባል የሆኪ ቡድን አለ። አታውቁትም፤ ባለማወቃችሁም አልፈርድባችሁም። በቴሌቪዥን የምታዩት ትልቁ ሊግ ውስጥ ያለ እንዳይመስላችሁ። ከዚያ ብዙ ደረጃ ዝቅ ብሎ፣ አሌክሳንድሪያ ዳር ባለች አንዲት አሮጌ የበረዶ ሜዳ ውስጥ የሚሸነፍ ቡድን ነው። «የሚጫወት» ማለት ነበረብኝ፤ ግን ውሸት አልወድም። ስሙን የወሰደው ውሃ ዳር በአንድ እግሩ ቆሞ ዓሣ ከሚጠብቅ ረጅም ወፍ ነው። ወፉ እንኳ አንዳንዴ ይቀናዋል።

እኔ የዚህ ቡድን ደጋፊ ነኝ። ሐበሻ ሴት ሆኪ እደግፋለሁ ስትል ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ «ለመሆኑ ኳሷ ትታይሻለች?» ይላል። አትታየኝም። ማንንም አትታየውም። ፓክ የሚሏት ያቺ ጥቁር ክብ ነገር ከሰው ዓይን የፈጠነች ናት። ሁሉም ተጫዋቾቹ ሲላተሙ ያያል፣ የጎል መብራት ሲበራ ይጮኻል፣ ከዚያ ያየ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ መብራቱ የሚበራው ደግሞ በእኛ ጎል በኩል ነው።

እንዴት እንደገባሁበት ልንገራችሁ። ስሜ መሠረት ነው፣ የሚያውቁኝ መሲ ይሉኛል። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ እሠራለሁ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ላንድማርክ በሚባለው ሰፈር ከልጄ ከቤዛ ጋር ብቻችንን እንኖራለን። አንድ ሐምሌ የአፓርታማችን ኤሲ ተበላሽቶ ማኔጅመንቱ «ነገ ሰው እንልካለን» እያለ ሲያመላልሰኝ፣ ልጄን ይዤ ቅዝቃዜ ፍለጋ ወደዚያች የበረዶ ሜዳ ገባሁ። ቤዛ ገና ጥርሷን እየቀየረች ነበር። መስታወቱ ላይ ተለጥፋ ስትቀር አንድ ፊቱ ቲማቲም የመሰለ ግዙፍ ሰውዬ በበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ተንሸራቶ መጣና በዱላው መስታወቱን ቆረቆረላት። ያ ሰው ዴል ነበር፣ ያኔ የሄረንስ ምክትል አሠልጣኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ባዶ በሚሆንበት ሰዓት ለሰፈሩ ሴት ልጆች ቡድን አቋቁሞ በነጻ ያሠለጥን ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤዛ በረዶው ላይ ወደቀች፣ ተነሣች፣ ደግማ ወደቀች። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አላወራችም።

እየቆየች በረኛ ሆነች። ትምህርት ቤት አስተማሪዎቿ «ልጅሽ ቃል አትተነፍስም፣ ደኅና ናት?» እያሉ ይጠሩኛል። ጎል ውስጥ ስትቆም ግን ጩኸቷ ፓርኪንግ ድረስ ይሰማል። «ግራ! ግራሽን! ተመለሽ!» ስትል የኔ ልጅ መሆኗን የማውቀው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ አመራሩ ልምጣ። አመራር ካሉት።

የሄረንስ ባለቤት ብራድ ይባላል። አባቱ ፍራሽ ሲሸጥ ከበረና ሞተ፤ ብራድ ሱቆቹንም ቡድኑንም ወረሰ። ቡድኑ ሲሸነፍ ብራድ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ ሰው መቀየር። አሠልጣኙን ያባርራል። አሠልጣኙን የቀጠረውን ሰው ያባርራል። ከአምበሉ ደረት ላይ የአምበልነቱን ፊደል ያስፈታና ሌላው ደረት ላይ ያሰፋል። አንድ ዓመት የሚባረር ሲያጣ የቡድኑን አርማ ቀየረ፤ ወፉን ፈገግ አስደረጉት። በየጊዜው ሰማያዊ መጋረጃ ፊት ማይክራፎን ይዞ ይቆምና «ዛሬ አዲስ ምዕራፍ ከፍተናል» ይላል። መጽሐፉ ምዕራፍ ብቻ ሆኖ ቀረ፣ ታሪክ የለውም።

ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ይላል ያገሬ ሰው። ብራድ ይባስ ብሎ ጉልቻውን ሲያገላብጥ ድስቱ ውስጥ ምንም እንዳልገባ አያይም። ደኅና ተጫዋች አይገዛም፣ የመልበሻ ክፍሉ ጣሪያ ያፈስሳል፣ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ይቆማል። ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የአሠልጣኙ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። እኔም በየጨዋታው እዚያች ቀዝቃዛ ወንበር ላይ ጋቢ ደርቤ እቀመጥና እሳደባለሁ፤ በአማርኛ ስለሆነ ማንም አያስወጣኝም።

ዴልን ዋና አሠልጣኝ ያደረጉት ሌላ የሚባረር ሰው ሲያልቅባቸው ነው። ያኔውኑ «በቃ፣ ተራው ደረሰ» ብያለሁ።

ደረሰ። አንድ ሰኞ ክሊኒክ ውስጥ ታካሚ ከማሽኑ ጋር እያገናኘሁ ስልኬ ደጋግሞ ጮኸ። ቤዛ በሥራ ሰዓት አትደውልም። ወጥቼ አነሣሁት።

«ማሚ፣ ኮች ዴልን ፋየር አደረጉት።»

«ማን አባቱ ነው ያደረገው?»

«ማሚ፣ ስቶፕ! ፕሊስ። የቅዳሜው አይስ ታይምም ካንስል ሊሆን ነው። ይሄ ሳተርዴይ የመጨረሻችን ነው።» እያለቀሰች ነበር። ቤዛ ስታለቅስ ድምፅ የላትም፣ ትንፋሿ ብቻ ይቆራረጣል።

ነገሩ ግልጽ ነው። የቅዳሜዋ ሰዓት የተሰጠችው ለዴል ነበር፤ ዴል ሲሄድ ሰዓቷም ትሄዳለች፣ ሰዓቷ ስትሄድ የሴት ልጆቹ ቡድን ይፈርሳል። ሌሎቹ ክለቦች የሀብታም ልጆች ናቸው፣ ለእኛ ዓይነቱ ሰው አይቀመሱም። ስልኩን ዘግቼ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያቺ ሰዓት ከጠፋች ልጄ የት ሄዳ እንደምትጮኽ አላወቅኩም።

ከሥራ ስወጣ እግሬ በቀጥታ የወሰደኝ ጋሽ መኮንን ዘንድ ነው። ጋሽ መኮንን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያልታረቀ ባልና ሚስት ካለ እሳቸው ሳይሰሙ ቀርተው ነው የሚባልላቸው ሽማግሌ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ከአንድ ምግብ ቤት ጥግ አይጠፉም። ሆኪ የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም። ታሪኩን ከአፌ ነጥቀው በራሳቸው መንገድ ተረዱት።

«ጌታና ሎሌ ተጣሉ ነው የምትይኝ?»

«እንደዚያ ይበሉት ጋሼ።»

«ታዲያ ሽማግሌ አልተላከም?»

«ጋሼ፣ ሰውዬው እኮ ፈረንጅ ነው።»

«ፈረንጅ ሆድ የለውም? ሆድ ካለው ይቀየማል፤ ከተቀየመ ደግሞ ይታረቃል። እንኳን የፍራሽ ነጋዴ፣ ስንቱን ጄኔራል አስታርቄያለሁ!»

እኔ በሰው ሁሉ የምስቅ ሴት፣ ዘወትር ብልጥ ነኝ የምል ሴት፣ ይሄን ሰምቼ «ልክ ነዎት» አልኩ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። በማግስቱ ብራድ ቢሮ ደወልኩና ለጸሐፊዋ «የማኅበረሰባችን ሽማግሌዎች ስለ ቡድኑ ሊያነጋግሩት ይፈልጋሉ» አልኳት። ደስታዋን ብትሰሙ! ሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ ሰጠችን። ለምን እንደዚያ ደስ እንዳላት የገባኝ ሐሙስ ነው።

ለዴልም ደወልኩለት። ሽማግሌ ማለት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ።

«ትልልቅ ሰዎች ብራድ እስኪደክመው ድረስ ያናግሩታል» አልኩት በመጨረሻ።

«እኔም ሞክሬው ነበር» አለ ዴል፤ «ቀድሞ የደከመው እኔን ነው።» ያም ሆኖ መጥቶ ሕንጻው ሥር ፓርኪንግ ውስጥ ሊጠብቀን ተስማማ። ጋሽ መኮንን ዕርቁ ሲያልቅ ዴል ገብቶ የብራድን ጉልበት ይስማል ብለው ነበር። ይህችን አልተረጎምኩለትም።

ሐሙስ ጋሽ መኮንንን ከሲልቨር ስፕሪንግ አነሣሁ። ከሳቸው ጋር አቶ ግርማ ነበሩ፤ ለዓመታት አብረዋቸው ሽምግልና የሚሄዱ፣ ከ«ልክ ነው» ሌላ ብዙም የማይናገሩ ሰው ናቸው። ሁለቱም ሙሉ ሱፍ ለብሰው ነጠላ አጣፍተዋል። ታክሲ የሚነዱት ሦስተኛው ሽማግሌ የኤርፖርት ተሳፋሪ አግኝተው ቀሩ።

«ሁለት ሰው ሽማግሌ አይሆንም» አሉ ጋሽ መኮንን መኪናው ውስጥ። «አንቺ ትሞያለሽ።»

«እኔ?»

«ነጂ ነሽ፣ አስተርጓሚ ነሽ። ሽማግሌ ብትሆኚ ምን ይጎድልብሻል?»

«ልክ ነው» አሉ አቶ ግርማ።

የብራድ ቢሮ ክሪስታል ሲቲ ነው፣ አውሮፕላኖቹ ሲያርፉ ቁልቁል የሚታዩበት ፎቅ ላይ። በሩ አጠገብ ፈገግ ያለው ወፍ የሰው ቁመት አክሎ ቆሟል። ትልቁ ስብሰባ ክፍል ሲያስገቡን ቤግል የሚሉት መሀሉ ቀዳዳ ዳቦ በትሪ ተደርድሯል፣ ጭማቂ ቀርቧል፣ ፕሮጀክተር በርቷል። ብራድ የቡድኑን ሰደርያ ለብሶ እጁን ዘርግቶ መጣ። ከኋላው ነጭ ስኒከር ያደረገ ጎልማሳ ነበር፤ ቻድ ይባላል፣ በዚያው ሳምንት «የሆኪ ጉዳዮች ፕሬዚዳንት» ተብሎ የተሾመ። ከዚያ በፊት የውሻ ምግብ በኢንተርኔት የሚሸጥ ድርጅት ይመራ እንደነበር እሱው በኩራት ነገረን።

«ተቀመጡ፣ እባካችሁ» አለ ብራድ።

ጋሽ መኮንን ዱላቸውን ምንጣፉ ላይ ተከሉ። «በይው፤ ቃላችንን ሳይሰማ አንቀመጥም፣ እህሉንም አንቀምስም።»

ተረጎምኩ። ብራድ ወገባችንን አሞን እንደሆነ ጠየቀ። ባህላችን ነው አልኩት። «ድንቅ ነው! በጣም ወደድኩት!» አለና እሱም ቆመ። ቻድም ቆመ። ሽማግሌ ቆሞ መቀመጥ ነውር እንደሆነ ያወቁ መስሎኝ ለአፍታ አከበርኳቸው። ቻድ ግን ቤግሉን አንሥቶ እየገመጠ ስላይዱን ጀመረ።

ወደ ላይ የሚወጣ መስመር አሳየን። ቡድኑ የት እንዳለ ለሚያውቅ ሰው ያ መስመር ስድብ ነው። «ዋናው ነገር ባህል ነው» አለ። «ባህሉን ከሥሩ እንቀይራለን።»

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ መኮንን።

«ባህሉን ከሥሩ እንቀይራለን አለ።»

«የማንን?»

«የራሳቸውን።»

«እሱስ ደግ አስበዋል።»

ቀጣዩ ስላይድ ሲመጣ የጸሐፊዋ ደስታ ገባኝ። ወፉ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሻርፕ ጠምጥሞ ፈገግ ብሏል፤ ከበላዩ «የኢትዮጵያ ምሽት» ተብሎ ተጽፏል። ሽማግሌ ስላቸው ሕዝብ ጭነን ባዶ ወንበራቸውን የምንሞላላቸው የማኅበረሰብ መሪዎች መስለናቸው ነበር። አቶ ግርማ ወፉን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት፤ «ልክ ነው» አላሉም።

«ይብቃው» አሉ ጋሽ መኮንን፣ ቻድን በእጃቸው አስቁመው። ወደ ብራድ ዞሩ። «ልጄ፣ እኛ የመጣነው ስለ ዴል ነው። ካስቀየመህ ልንክስህ፣ ካጠፋ ልንገሥጽልህ። ከቤትህ ያስወጣኸው ምን አድርጎህ ነው? ሰደበህ?»

ብራድ ግራ ተጋባ። «ዴል? ኧረ በጭራሽ።»

«ንብረትህን ነካብህ?»

«አልነካም።»

«ስምህን አጠፋ? ትእዛዝህን ናቀ?»

«ኖ፣ ኖ። ዴል ምርጥ ሰው ነው። ሁላችንም እንወደዋለን። እኔ ዴልን እወደዋለሁ!» እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ከልቡ ነበር፣ እሱ ነው የሚያናድደው።

«ታዲያ ለምን አባረርከው?»

«ቡድኑ አዲስ ድምፅ ያስፈልገዋል።»

«የተሸነፋችሁት በሱ ጥፋት ነው ብለህ ታምናለህ?»

ብራድ ቻድን አየ፣ ከዚያ መስኮቱን አየ። «በግልጽ ልንገራችሁ? አላምንም። ግን ተጫዋቾቹን ሁሉ ማባረር አልችልም። አንድ ነገር መደረግ ነበረበት።»

«ራስህንስ?» አልኩት። ይሄ የጋሽ መኮንን ጥያቄ አልነበረም፣ የኔ ነው።

ሳቀ። «ጥሩ ቀልድ ናት» አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ጋሽ መኮንን መልሱን ስተረጉምላቸው ዱላቸውን ከምንጣፉ ላይ ነቀሉ። እኚያ ሰው ዕርቅ ሳይጨርሱ ሲነሡ አይቼ አላውቅም። ባል ሚስቱን በቢላ ያሳደደበት ቤት እንኳ ገብተው አስታርቀው ወጥተዋል።

«መሲ፣ እንውረድ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይሄ ሰው አልተጣላም።»

«አልተጣላም ማለት?»

«የተጣላን አስታርቃለሁ። እየወደደ የሚያባርርን ምን አደርገዋለሁ? የምይዘው የለውም።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን በቀጥታ ልንገራችሁ፤ ንቀት ነው። ብዙ ሰው ንቄ አውቃለሁ፣ እንደዚያ ግን ንቄ አላውቅም። ብራድ ዴልን ቢጠላው ባከበርኩት ነበር። ጥላቻ እንኳ ሰውን ማየት ይጠይቃል። ይሄ ግን እየሳቀ፣ እየወደደ፣ ደረቱን እየዳበሰ የአንድን ሰው እንጀራ እንደ አምፖል ይፈታል። ሲፈታውም አምፖሉ እንዳልተቃጠለ ያውቃል።

ጋሽ መኮንን ወደ በሩ ዞረዋል። እኔ አልዞርኩም። ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ቆሜ በስልክ የሰማሁት የቤዛ ትንፋሽ ጆሮዬ ላይ ነበር።

«አንሄድም» አልኩ፣ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥዬ በእንግሊዝኛ። «የቅዳሜዋን ሰዓት ለልጆቹ ሳትመልሱ አንሄድም። አንቀመጥምም።»

«የቅዳሜዋ ሰዓት?» አለ ብራድ። ምን እንደሆነች አያውቅም ነበር። በገዛ ሜዳው፣ ለዓመታት፣ ሴት ልጆች እንደሚጫወቱ አያውቅም! ቻድ በጆሮው አስረዳው፤ ከዚያ ወደኔ ዞሮ «ችግሩ ሰዓቷ የተያዘችው በዴል ስም ነው። ኃላፊ የሚሆን ሰው የለም» አለኝ።

«ምን ይላል?» አሉ ጋሽ መኮንን ከበሩ።

«መሪያቸው ማን ነው ይላል።»

«አንቺ ነሻ!»

«ጋሼ፣ እኔ በረዶ ላይ ቆሜ አላውቅም።»

በአገጫቸው ወደ ቻድ ጠቆሙ። «እሱስ ቆሞ ያውቃል?»

«ልክ ነው» አሉ አቶ ግርማ፣ ጮክ ብለው።

«ኃላፊዋ እኔ ነኝ» አልኩት ቻድን።

«የሆኪ ልምድ አለሽ?»

«በዚህ ሕንጻ ውስጥ ካለ ሰው ሁሉ የበለጠ ሽንፈት አይቻለሁ።»

ብራድ ሰዓቱን አየ። ቆመን የማንሄድ ሦስት ሐበሾች፣ አንዱ ዱላ የያዘ፣ ሌላ ስብሰባ ደግሞ እየጠበቀው። «ይሁን፣ ይሁን፣ ስጣቸው። በጣም ወደድኩት» አለ። ቻድ እዚያው ቆሞ ለሜዳው ኃላፊ ስሜን ላከለት፤ ስልኩን ተቀብዬ እስካነበው ድረስ እጁን አልለቀቅኩትም።

ጥያቄያችን ተሰማና ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ብራድ የሸኘን መስሎት ነበር፤ ጋሽ መኮንን ግን ቤግል አስቀረቡ፣ ጭማቂ አስቀዱ፣ ከዚያ ለምርቃት ተነሡ። ምርቃታቸው አጭር ሆኖ አያውቅም። ብራድና ቻድ እጃቸውን አጣምረው አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። «ልቡና ይስጥህ። ማየት የሚችል ዓይን ይስጥህ። የምትወደውንና የምትጥለውን የምትለይበት አእምሮ ይስጥህ» ሲሉ ከአቶ ግርማ ጋር አሜን አልን። ለብራድ «መልካም የውድድር ዘመን ይመኝልሃል» ብዬ ተረጎምኩለት።

ፓርኪንጉ ውስጥ ዴል ፒክአፑን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ሲያየን ቀና አለ።

«ምን አለ?»

ሽማግሌዎቹን አየሁ። ጋሽ መኮንን «ንገሪው፣ አትደብቂው» አሉኝ።

«ልንመልስህ አልቻልንም። ሰዓቷን ብቻ ነው ያገኘነው።»

«ምን እንዳጠፋሁ ነገራችሁ?»

«ምንም አላጠፋም አለ። እወደዋለሁ አለ።»

ዴል ጫማውን አየ። «አውቃለሁ። ሰኞ ለኔም እንደዚያ ነው ያለኝ። አቅፎኛል።» «ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር» አለ። «እኔም መልሼ እጮኽ ነበር፤ ከዚያ ቤቴ ገብቼ እተኛ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ አልተኛሁም፤ ምን እንዳደረግኩ እያሰብኩ።»

ይሄን ተረጎምኩላቸው። ጋሽ መኮንን ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ ያን ቲማቲም የመሰለ ግዙፍ ሰው ጎንበስ አድርገው ትከሻውን ሳሙት። «አልሆነልንም ልጄ። ሰው መስሎን ነው የሄድነው» አሉት። ዴል ቃሉን አልጠየቀኝም፤ ፊቱን በእጅጌው ጠረገና መኪናው ውስጥ ገባ። ሞተሩን አስነሥቶ መስታወቱን ዝቅ አደረገ።

«ቤዛ ስትደክም ግራ ጎኗን ትከፍታለች። ንገሪያት» አለኝና ሄደ። ከወር በኋላ በረዶ በነጻ የሚገኝበት ሰሜን አገር ሥራ አገኘ። ለቤዛ አሁንም ይጽፍላታል።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ያቺ ሐሙስ ምን ለወጠችብኝ ብትሉ፣ ምላሴን አልለወጠችውም። ሄረንስ ዛሬም ይሸነፋል፣ ዛሬም ጋቢዬን ደርቤ እሳደባለሁ። ቻድ በሚቀጥለው ክረምት ሰማያዊው መጋረጃ ፊት ሳያልፍ በጓሮ በር ወጣ፤ ብራድ እሱንም ይወደው እንደነበር አልጠራጠርም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ድሮ ሥልጣን ላይ ያለን ሰው ክፉ ስለሆነ ነበር የምፈራው። አሁን የምፈራው ሰውን ሳያይ የሚወደውን ነው። እናንተም የእድር ሊቀመንበር፣ የቦርድ አባል፣ የምግብ ቤት ባለቤት የሆናችሁ ሁሉ፣ ሰው ከቦታው የምታነሡ ከሆነ ተጣሉት። ጥፋቱን ፊት ለፊት ንገሩት፣ እሱም ጥፋታችሁን ይንገራችሁ። ከተጣላችሁ ሽማግሌ አለ። እያቀፋችሁ ከጣላችሁት ግን ማንም አያነሣውም።

እኔ ታዲያ መሪ ሆኜ ቀረሁ። በረዶው ላይ ከአንዲት መንሸራተት ከምትችል የኮሌጅ ተማሪ ጋር እየተጋገዝን፣ እሷ እየተንሸራተተች እኔ በቡትስ አጥሩ ጋ ቆሜ እየጮኽኩ፣ ዓመቱን በሙሉ ተሸነፍን። በመጨረሻ ወላጆች ስብሰባ ጠሩ። ከልምምድ በኋላ የቺፕስ ማሽኑ አጠገብ ተሰበሰብን። ሰላም የምትባል የአንዷ አጥቂ እናት ቀድማ ተነሣች።

«መሲ፣ አትቀየሚኝ፤ በጣም ትጮኺያለሽ። ልጆቹ ፓኳ የምትጠፋባቸው አንቺን እያዩ ነው።»

«ያንቺ ልጅ የምትጠፋባት ስለማትሮጥ ነው!»

«ልጄን አታንሺ! አንቺ ጨዋታውን የምታውቂው ከወንበር ላይ ነው!»

«አንቺስ ከየት ነው የምታውቂው፣ ከስልክሽ?»

ሌላዋ እናት «ልጄን ለምን አታሰልፊያትም?» አለች። አንዱ አባት የልምምዱ ፕላን ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ ፕላን እንዳልነበረኝ ሁሉም አወቀ። ቤዛ ጓንቷን እንዳጠለቀች ከጥግ «ማሚ፣ ሺ ኢዝ ራይት። ትጮኺያለሽ» አለች፣ በሰው ሁሉ ፊት። አንድ ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቅን። ጩኸቴን ልቀንስ፣ ፕላን ላወጣ፣ ሰላም ደግሞ ከኔ ጋር አጥሩ ጋ ልትቆም ተባለ፤ ሰላም ወደኔ ሳታይ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ የተባለውን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወስኩ። ትጮኺያለሽ፣ አታውቂም፣ አድልዎ ታደርጊያለሽ፣ ፕላን የለሽም። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንድም ሰው «መሲን እንወዳታለን» አላለም። ያን ጊዜ እንዳልተባረርኩ አወቅኩ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስደርስ ሰላም አኩርፋ፣ አጥሩ ጋ ቀድማኝ ቆማ ነበር።